ሞተር ሌዘር አይጎትትም፤ ሌሎችም ጥያቄዎቻችሁ

ዝናቡ ሲጠና የባጃጅ ሸራ ሥራ ስለሚበዛ መሰለኝ፣ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ስፌት መኪና ናቸው።

እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የባጃጅ ወንበር የሚያለብስ ልጅ ጽፎልኛል። ጁኪ 8700 የሚባል የልብስ ስፌት መኪና አለው። ልብስ ላይ እንከን የላትም። ሌዘርና ስፖንጅ ደርቦ ሲሰፋ ግን የላይኛው ወደ ኋላ እየቀረ፣ ጫፍ ሲደርስ ሁለት ጣት ያህል ይተርፈዋል። ሻጩ «ጠንካራ ሞተር ግዛ» ብሎታል።

አትግዛ። ይሄ ምክር የእኔንም ኪስ አንድ ጊዜ አራቁቷል። ሞተር መርፌውን ይወጋልሃል እንጂ ሌዘሩን አይጎትትልህም። የሚጎትተው ከስር ያለው ጥርስ ነው። በአንተ መኪና ጥርሱ የታችኛውን ሲስብ፣ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚጫነው እግር የላይኛውን ተጭኖ ይይዘዋል። ሸሚዝ ላይ ይሄ አይታወቅም። ሌዘር ግን እግሩ ላይ ይጣበቃል፣ ስፖንጁም እየተጨመቀ ይሸሻል።

አንተ የምትፈልገው ከላይም ከታችም እኩል የሚስብ መኪና ነው። ብዙዎች «ዎኪንግ ፉት»፣ ተራማጅ እግር፣ ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ለመለየት አይከብድም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የጎኑን መዘውር በእጅህ ወደ ራስህ አዙረው። እግሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይረግጣል። ዓይንህ ግን መርፌው ላይ ይሁን። ሌዘሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ከጥርሱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። እግሩ ብቻ ተራምዶ መርፌው ባለበት ከወጣ፣ ለስፖንጅ ድርብ የሚሆንህ እሱ አይደለም። ጁኪ ዲኤንዩ 1541 መርፌውም እግሩም ጥርሱም አብረው የሚስቡበት ነው፤ በሌላ ስምም ተመሳሳዩ አለ።

ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። የራስህን ሌዘር፣ ስፖንጅና ክር ያዝ። ሻጭ ለማሳያ የሚያስቀምጣት አንዲት ለስላሳ ቁራጭ አትጠፋውም፤ እሷን ተወለት። አንተ አራት ደርብ፤ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ ይኑረው። ቀስ ብለህ ስፋ። መጋጠሚያው ላይ ሲወጣ ስፌቱ ካጠረ ወይ ከዘለለ፣ ነገ ወንበሩም ላይ ያው ነው። ገልብጠህ የታችኛውን ክር እይ። ፔዳሉን በእግርህ ነካ ስታደርገው አንድ አንድ ስፌት ካልሄደልህ ማዕዘን ላይ ትቸገራለህ። ለዚህ ሰርቮ የሚባለው ሞተር ከድሮው ክላች ሞተር ይሻላል። ሰርቮው መስፋት ስታቆም ጭጭ ይላል፤ ክላቹ ግን ሰፋህም አልሰፋህም ሲያጉረመርም ይውላል። መርፌውና ቦቢኑ፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት፣ እዚሁ ጅማ መገኘቱንም ጠይቅ። ለአንዲት መርፌ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ አይኬድም።

ነጩ መኪና ይሻላል ወይስ አረንጓዴው? መርፌው ቀለም አይመርጥም።

አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው በቤታቸው ጥቁር የእጅ ሲንጀር የቆዳ ቦርሳ ልትጀምር መሆኑን ነግረውኛል። ስስ ቆዳ ከሆነ፣ ሁለት ድርብ፣ በእጅ ቀስ እያለች፣ ይሰፋላታል። ቀበቶ ግን አታስሞክሯት። ሥራው ከገፋላት ደግሞ ጠፍጣፋው ጠረጴዛ ላይ የቦርሳ ሆድ አልዞር ይላታል። ያን ጊዜ ክንዱ እንደ ቧንቧ ወጥቶ ሥራው ዙሪያውን የሚጠለቅበት መኪና ያስፈልጋታል። ጫማ ጠጋኞች ዘንድ የምትታየው ሲንጀር 29ኬ እግሯ በፈለጉት አቅጣጫ ስለሚዞር ታጓጓለች። እሷ የጥገና ናት። ቦቢኗ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ቶሎ ታልቃለች።

አንድ ሸራ ሰፊ ደግሞ «ክሬ ዓመት አይሞላም» ይላል። የጥጥ ክር በዝናብ ይበሰብሳል፣ ናይለንን ፀሐይ ይበላዋል። ውጭ ለሚውል ሸራ ፖሊስተር ተጠቀም፤ ናይለኑን ለቦርሳ አቆየው። ክር ሲወፍር መርፌም ይወፍራል፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከቁጥር 18 እስከ 23 ነው። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ ሸራ ላይ እሱን አትጠቀም፣ ድሩን ይበጥሰዋል። ቆዳ ላይ ደግሞ ስፌቱን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች አታቀራርብ፤ እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል።

መኪናዬን የምግብ ዘይት ላጠጣት? አይሆንም። ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛታል።

ስፌት እየዘለለብኝ ነው። መርፌውን ቀይር። ካልሆነ የስፌት መኪና ጠጋኝ ጥራ።

የመጨረሻው አሳስቦኛል። ያገለገለ መኪና ገዝቷል፤ ሞተሩ ላይ 380 ቮልት ይላል፣ ቤቱ ያለው መብራት 220 ነው። ጓደኛው «እኔ ገጣጥሜ አስነሳልሃለሁ» ብሎታል።

ጓደኛህን ቡና ጋብዘህ ሸኘው። ያ ሞተር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ባለ ሦስት መስመር መብራት፣ ነው የሚፈልገው። ርካሹ መንገድ ጠረጴዛው ስር ያለውን ሞተር ፈትቶ በ220 ሰርቮ መቀየር ነው፤ የመኪናው ጭንቅላት አይነካም። ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ሶኬት ውስጥ እንዳትሰካው። ይሄን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ። ቀኑን ሙሉ እጅህን የምታሳርፈው ብረት ላይ ነው። የመሬት መስመሩን ለክቶ ያሳይህ። እስከዚያ ገመዱን ጠቅልለህ አስቀምጥ፤ ሲያልቅም ጻፍልኝ።