ጣቢያው ዝግ ከሆነ እሳቱን ማን ያጠፋል?

ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ወጥታችሁ ገጠር የገባችሁ አንባቢዎች ሰሞኑን ስለ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ፔንስልቬንያ ገጠር ውስጥ ቤት ገዛን። የእሳት አደጋ ጣቢያው ባለፍኩ ቁጥር ዝግ ነው፤ ሰው አይታይም። ቤቴ ቢቃጠል ማን ይመጣል?»

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ነው የሚመጣው። መካኒኩ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሯ፣ ላሞቹን ሲያልብ የነበረው ገበሬ። አሜሪካ ካሏት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከግማሽ በላዩ ደመወዝ የላቸውም። ልማዱ የቆየ ነው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1736 ፊላደልፊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 911 ስትደውዪ ፔጀራቸው፣ ማለትም ይዘውት የሚዞሩት ትንሽ መጥሪያ ይጮኻል፣ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ጣቢያው ውስጥ ሱሪያቸው ቦት ጫማው ላይ እንደወረደ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እግር ከትቶ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው።

ግን መጀመሪያ እስከ ጣቢያው መንዳት አለባቸው። የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመዘኛ ሕዝብ ለሳሳበት ገጠር 6 ሰው በ14 ደቂቃ ይድረስ ይላል፤ ያውም ከ10 ጥሪ በ8ቱ። ለሚቃጠል ቤት 14 ደቂቃ ረጅም ነው። ስለዚህ የጭስ አላርምሽ እንደሚሠራ አረጋግጪ። ማታ የመኝታ ቤቱን በር ዝጊ፤ የተዘጋ በር እሳቱንም ጭሱንም ያዘገያል። አንዴ ከወጣሽ ደግሞ ለፓስፖርትም ቢሆን አትመለሺ።

«የጎረቤታችን ጋጣ ሲጨስ ከሦስት ከተማ መኪና መጣ። ይህ ሁሉ ለምን?»

ለውሃ ነው። ብዙ ገጠር ውስጥ መንገድ ዳር የእሳት አደጋ የውሃ ቧንቧ የለም። አንድ የእሳት አደጋ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ500 እስከ 1,000 ጋሎን ነው፤ ይሄ ደግሞ በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ ከየአቅራቢያው ቦቴ ይጠራል። መንገዱ ላይ በብረት የተወጠረ የሸራ ገንዳ ይዘረጋሉ። ቦቴው በኋላው ተጠግቶ ውሃውን ባንዴ ይዘረግፍና ሊቀዳ ወደ ኩሬ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካል። ፓምፕ ያለው መኪና ከገንዳው እየሳበ ይረጫል። ቦቴ ከዘገየ ቱቦው ይደርቃል። ያኔ እሳቱ ውስጥ የገባው ሰው ምን ይሁን? ለዚህ ነው ነገሩ ሳይለይ ቀድመው የሚጠሩት። ካላስፈለጉ ከመንገድ ይመለሳሉ።

«እናቴ ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ አምቡላንስ ጠራሁ፤ ቀድሞ የመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነው። ተሳስተው ይሆን?»

አልተሳሳቱም። በአገር ደረጃ ከጥሪያቸው የሚበዛው ሕመም ነው። አምቡላንሱ ሩቅ ሲሆን የሠለጠነ የቅርብ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ ልብ ሲቆም ደግሞ ደቂቃዋ ዋጋ አላት። ስልኩን አትዝጋ፤ የ911 ሠራተኞች ደረት እንዴት እንደሚጫን ይነግሩሃል። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ «አምሃሪክ» በል። ብዙ ቦታ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ።

«ትራክ ሹፌር ነኝ። ገጠር መንገድ ላይ አደጋ ካየሁ ወርጄ ሰው ላውጣ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደውል። የማይል ምልክቱን ቁጥርና አቅጣጫውን ተናገር። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ መውጣት ያልቻለ ካለ፣ ነዳጅ ከፈሰሰ ንገራቸው። የተገለበጠው ቦቴ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ከሩቅ አንብብ፤ 1203 ከሆነ የጫነው ቤንዚን ነው። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚወስነው ያንተ ቃል ነው። እሳት ወይም ሌላ የቅርብ አደጋ ከሌለ ሰውየውን አትጎትት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ይደግፉታል፣ ባትሪውን ይፈታሉ፣ ከዚያ ብረቱን ይቆርጣሉ።

«ልጄ ቤት ቡና በከሰል ሳፈላ ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ። ልጄ 911 ልደውል አለ። ለራስ ምታት እሳት አደጋ ይጠራል?»

እማማ፣ ይጠራል እንጂ! ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። መስኮት መክፈት አይበቃም። ሁላችሁም ወጥታችሁ ከደጅ ደውሉ። የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ መለኪያ ይዘው እያንዳንዱን ክፍል ያያሉ። ግቡ እስኪሏችሁ አትግቡ። እባክዎ ከሰል ቤት ውስጥም ጋራዥ ውስጥም አያቀጣጥሉ።

«ኒው ዮርክ ገጠር ውስጥ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ተራ ፒክአፕ ከኋላዬ መጣ። ፖሊስ ነው?»

በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ፔጀሩ ጮኾ እየከነፈ ነው። ሕጉ ባያስገድድህም ጥግ ይዘህ አሳልፈው።