የብር ሳንቲም መታጠቡን በምን እናውቃለን? ለጠያቂው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን ባጭሩ ልድገመው። 1780 የሚል የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አለህ። ነጭ ሆኖ ያበራል። ሊገዛህ የመጣው ሰው «ይሄማ የታጠበ ነው»፣ ማለትም በማጽጃ ተነክሮ ወይም ተፈግፍጎ የጸዳ ነው ብሎ ዋጋውን ጣለብህ። «እውነቱን ነው ወይስ ሊያራክስብኝ ነው?» ነው ጥያቄህ። በለጠፍከው ፎቶ መፍረድ አይቻልም፣ ብርሃኑ በዝቶበት ሁሉም ነገር ነጭ ሆኗል። ግን ራስህ አገላብጠህ መለየት ትችላለህ።

ማብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠገራ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጥሏል፣ ቪየና ያለው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። ስለዚህ ያንተው የሚያበራው በዕድሜ ልጅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቁር ያለ ሳንቲም ድሮ ታጥቦ እንደገና የጠቆረ ሊሆን ይችላል። ማየት ያለብህ ማብራቱን ሳይሆን አበራሩን ነው።

ክፍሉን አጨልመህ አንድ አምፖል ብቻ አብራ። ረጅሙ የጣሪያ ፍሎረሰንት አይሆንም፤ ብርሃኑ ስለሚበተን ቀጫጭን ጭረቶችን ይደብቃል። ከሥር ለስላሳ ጨርቅ አንጥፍ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ያዝና ቀስ እያልክ አዘንብለው፣ አሽከርክረው። ሳንቲም ሲታተም ብረቱ በግፊቱ ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል። ፍሰቱ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ መስመሮች ትቶ ያልፋል። የሳንቲም ወዝ የሚባለው ከእነሱ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ነው። ወዙ ካለ፣ ስታዘነብለው የብርሃን ዘለላ መሃሉን ይዞ ዙሪያውን ሲሮጥ ታየዋለህ። አሲድ ያለበት የብር ማጽጃ ውስጥ የተነከረ ሳንቲም ግን ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን ስስ የብረት ሽፋንም አብሮ ይሄድበታል። አንዴ ለቅጽበት ከሆነ ላይታወቅ ይችላል። ከተደጋገመ ወይም ከቆየ መስመሮቹ ይሟሟሉ። ያኔ ሳንቲሙ ነጭ ነው፣ ብርሃኑ ግን አይሮጥም። ብታዞረውም ያው ነው፣ ድንግዝ ያለ ነጭ።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ያዝ። ከምስሉና ከጽሑፉ ውጪ ያለውን ባዶ ቦታ ተመልከት። በጨርቅ ወይም በዱቄት የተፈገፈገ ሳንቲም ገና ተጠርጎ የመጥረጊያው ዱካ ያልጠፋ ደጅ ይመስላል። ብዙ ቀጫጭን ጭረት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ወይም በክብ። ፊደል ጋ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ልብ በል። ጨርቁ ፊደሉን ዘሎ ስለሚያልፍ ጭረቱ ከፊደሉ ሥር ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆማል፣ ጥጉ ላይ ያልተነካ ጠባብ ቦታ ይቀራል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የተጫረ ሳንቲም እንዲህ አይደለም። የሱ ጭረት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጥልቅ፣ አቅጣጫውም የተዘበራረቀ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንዴ የምታያቸው መስመሮች ወደ ውስጥ የተጫሩ ሳይሆኑ ወደ ላይ ከፍ ብለው የወጡ ናቸው። እነዚያ የማተሚያው ቅርጽ ሲወለወል የቀሩ ናቸው፣ ሳንቲሙ አብሯቸው ነው የተወለደው። ምስሉ ላይ አይወጡም፣ ባዶው ቦታ ላይ ብቻ ይቀራሉ። እነሱን አይቶ «ታጥቧል» የሚል ገዢ ካጋጠመህ በትህትና መነጽሩን አቀብለው።

ከዚያ መበላቱንና ቀለሙን አስተያይ። የንግሥቲቱ ትከሻና ጸጉር ተበልቶ ለስልሶ፣ ሳንቲሙ ግን ከጫፍ ጫፍ ነጭ ከሆነ ነገሩ አይገናኝም። ብዙ እጅ ያለፈበት ብር ግራጫ ይሆናል። ግራጫውም ከገላጣው ወደ ጉድጓዳው ቀስ እያለ ይጠቁራል። የተፈገፈገው ላይ ግን ድንበሩ ስለታም ነው። በንስሩ ላባዎች መሃልና በፊደላቱ ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ድንገት ነጭ። ጠርዙንም አትርሳ። ጠገራ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ አለው። አጣቢ ደግሞ ሁለቱን ፊት እንጂ ጠርዙን ብዙም አያስበውም፣ ስለዚህ ፊቱ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ከጠቆረ ጠርጥር። በዚያው እግረ መንገድህን ጠርዙ ላይ የተሞረደ ወይም የተበየደ ቦታ ካለ እይ፣ የአንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ ብዙ ነው።

ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ ብር በአየር ውስጥ ካለው የሰልፈር ውህድ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ እያለ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሽግግሩ ለስላሳ ነው። ከቀለሙ ሥር ጭረቱ ከታየህ ግን ታጥቦ ነው ቀለም የያዘው።

ገዢህን ሙሉ በሙሉ አትፍረድበት። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ የሳንቲም ደረጃ ሰጪዎች ለተፈገፈገ ሳንቲም የቁጥር ደረጃ አይሰጡም፣ ምክንያቱን ጽፈው ነው የሚያልፉት። ሰብሳቢም እንደዚያው ዋጋ ይቀንሳል። ግን ያንተው በቅርብ የታተመ ጠገራ ከሆነ ክርክሩ ብዙም አያዋጣም። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ የብር ይዘቱ 833 በሺህ ነው፣ ማለትም ከ23 ግራም በላይ ንጹህ ብር። ዋጋው በአብዛኛው በዚያ ብር ልክ ነው የሚሄደው፣ ታጠበም አልታጠበም። መታጠቡ ኪስ የሚጎዳው ቀደምት እትም ከሆነ ነው።

እስከዚያው ግን ምንም አትንካው። የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አመድ፣ አንዱም አይሆንም። ቅባት ወይም ከፕላስቲክ ማስቀመጫ የመጣ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ንጹህ አሴቶን ውስጥ ነክረህ ማውጣት ትችላለህ። አሴቶን ብሩን አይነካም። ብቻ አትፈግፍገው፣ መስኮት ክፈት፣ እሳት አታስጠጋ።

ከቻልክ በአንድ አምፖል ሥር እያዘነበልክ አጭር ቪዲዮ ቅረጽና እዚሁ ለጥፍልን። ጠርዙንም ዙሪያውን አሳየን።