ፋይናንሻል ኤይድ ለታገደብህ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በዲቪ አሜሪካ ከመጣህ ሦስት ዓመትህ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለህ፣ ሌሊት መጋዘን ትሠራለህ። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ክላስ ወደቅክ፣ አንዱን መሀል ላይ አቋረጥክ። አሁን «ፋይናንሻል ኤይድህ ታግዷል»፣ ማለትም ለትምህርት የሚሰጥህ የገንዘብ እርዳታ ቆሟል የሚል ኢሜይል መጣልህ። «አበቃልኝ ማለት ነው? ትምህርቱን ትቼ ሥራዬን ብሠራ ይሻላል ወይ?» ብለሃል።

አላበቃልህም። ያው ኢሜይል ለእኔም ደርሶኝ ያውቃል። በኋላ ጨርሼ ተመርቄያለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደታገደብህ ልንገርህ። ከፋይናንሻል ኤይድ አንዱ የሆነው ፔል ግራንት የፌዴራል መንግሥት እርዳታ ነው እንጂ ብድር አይደለም። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ግን በየጊዜው ትምህርትህ ወደፊት እየሄደ መሆኑ ይታያል። ሳፕ የሚሉት ይህን ፍተሻ ነው። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ኮሌጅ ያወጣዋል። ብዙዎቹ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) 2.0 እና ከተመዘገብክበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ይጠይቃሉ። ብዙ ልጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በይፋ ያቋረጥከው ክላስ ጂፒኤህን አይነካም፤ በ67 በመቶው ስሌት ግን ወስደህ እንዳላለፍከው ይቆጠራል።

የኔ ነገር እንዲህ ነበር። ቀን ትምህርት፣ ማታ አረጋውያን መንከባከብ። በመሀል እናቴ ሀገር ቤት ታመመች። ለሕክምናዋ ገንዘብ መላክ ስላለብኝ ተጨማሪ ሽፍት ያዝኩ። ከዚያ ክላስ መሄድ አቆምኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለአስተማሪም፣ ለአማካሪም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁሉም ኤፍ ሆኖ ጠበቀኝ። በዚያ ላይ ኮሌጁ ቢል ላከብኝ። ለካ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ክላስ ትቶ የሄደ ሰው፣ ከተሰጠው እርዳታ የተወሰነው ወደ መንግሥት ይመለሳል። ጉድለቱን ኮሌጁ ከተማሪው ይጠይቃል። ያን ዕዳ በየወሩ እየቆነጠርኩ ከፈልኩ። ቀድሜ ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሁለት ክላስ ይዤ እንድቆይ ይነግሩኝ ነበር።

አሁን ወዳንተ። ይግባኝ ማስገባት ትችላለህ፣ አፒል የሚሉትን። ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ ከአቅምህ በላይ የሆነ ሌላ ችግር ምክንያት ይሆናል። ደብዳቤው ሁለት ነገር መመለስ አለበት፦ ምን ደረሰብህ? አሁንስ ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ሦስት መስመር ነበር። «የቤተሰብ ችግር ገጥሞኝ ነው፣ ይቅርታ» ዓይነት። ውድቅ ሆነ። እኛ ገመናችንን ለባዕድ ማውራት አንወድም። የእናቴን ሕመም ለማላውቀው ሰው መጻፍ ልመና መስሎ ታየኝ። አንዲት አማካሪ ናት ቁጭ አድርጋ «ይህን ካልጻፍሽው እንዴት ይወቁልሽ?» ያለችኝ። እናቴም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትል ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የሆስፒታሉን ወረቀት አስተርጉሜ አያያዝኩ። ገንዘብ የላክሁበትን ደረሰኝ ጨመርኩ። ከአሠሪዬ ደግሞ ሽፍቴ መቀነሱን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ያ የመጨረሻው ወረቀት ይመስለኛል ሥራውን የሠራው፤ የተለወጠ ነገር መኖሩን አሳየላቸው። ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) ላይ አደረጉኝ፣ እርዳታዬም ተመለሰ። በየሴሚስተሩ የትኛውን ክላስ እንደምወስድ ዕቅድ አወጡልኝ። ሁለት ክላስ ብቻ ይዤ ጀመርኩ።

አንተም ሌሊት መሥራትህ ብቻውን በቂ ምክንያት ላይመስላቸው ይችላል። የሽፍት ለውጥ ነበር? ታመህ ነበር? የምትረዳው ሰው አለ? እውነቱን በቀን በቀኑ ጻፈው። ያልሆነውን ግን አትጨምር።

«ትቼ አንድ ዓመት ልሥራ» ያልከው ደግሞ አይጠቅምህም። ዓመት ስለተቀመጥክ እገዳው በራሱ አይነሳም። ስትመለስ እዚያው ይጠብቅሃል።

ገቢህ ከቀነሰ ወይም ከሥራ ከወጣህ ይህንንም ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ንገር። ፋፍሳ፣ ማለትም እርዳታውን የምንጠይቅበት ቅጽ፣ የሚያየው የቆየ የታክስ መረጃ ነው፤ የ2025-26ቱ የ2023ን ገቢ ነው የሚያየው። ማስረጃ ካቀረብክ አሁን ባለህበት ሁኔታ ሊያስተካክሉልህ ሥልጣኑ አላቸው። ሁሉም እሺ ይላሉ ማለቴ አይደለም፤ ግን ካልጠየቅክ ማንም አያነሳልህም።

ደግሞ እባክህ፣ «እኔ አስተካክልልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ እንዳትከፍል። የምታውቀው የሀገር ልጅም ቢሆን። ፋፍሳ መሙላት ነፃ ነው። የፋፍሳ አካውንትህን የይለፍ ቃል ለማንም አትስጥ፤ ፊርማህ ማለት ነው።

የይግባኙ የመጨረሻ ቀን እዚያው ኢሜይል ላይ፣ ወይ በውስጡ ባለው ሊንክ ይኖራል። ዛሬ ሥራ ከመግባትህ በፊት ፈልገውና እዚህ ጻፍልኝ። ደብዳቤውን ስትጨርስ ስምህንና መታወቂያ ቁጥርህን አጥፍተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ።