ለፋሲካ የተገዛው በግ ቤት ሲቀር

እህታችን ከደብረ ብርሃን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለፋሲካ የተገዛ የመንዝ ጠቦት ልጆቹ ስም አወጡለት፣ አባትየውም ቢላዋ ማንሳት አቃተው፣ በዓሉ በዶሮና በቅርጫ ሥጋ አለፈ። በጉ ስምንት ወር ገደማ ይሆነዋል፤ አልተኮላሸም። ግቢ ውስጥ ብቻውን ነው የሚውለው። ፉርሽካ፣ ዳቦና የተራረፈ እንጀራ ይበላል። ሰሞኑን ደግሞ ትንሹን ልጅ በግንባሩ መግፋት ጀምሯል። «እስኪያረጅ ልናኖረው ወስነናል፤ ምን እናድርግ?» ትላለች።

«ለመስቀል ይደርሳል» የሚለውን ቀልድ ለሌላ ቀን እናቆየው። በግ በደንብ ከተያዘ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም 12 ይኖራል። ለእርድ የተገዛ በግ ግን የሚቀለበው ለሳምንታት ወይም ለሁለትና ለሦስት ወር ታስቦ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስብ ያወጣለታል እንጂ ኩላሊቱና ጨጓራው በአምስት ዓመቱ ምን ይሆናል ብሎ የሚጨነቅ የለም። እናንተ አሁን የምትሰጡት የማድለቢያ ቀለብ ነው። መግጨቱ ቢያሳስባችሁም በጉን የሚገድለው ቀለቡ ነውና ከዚያ ልጀምር።

በግ አመንዣኪ ነው። ትልቁ ጨጓራው ውስጥ ሣር የሚያብላሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ንፍሮ፣ ገብስ ወይም ሊጥ በብዛት ሲገባበት እነዚያ ይሞቱና አሲድ የሚያመነጩት ይበዛሉ፤ ጨጓራው ይኮመጥጣል። እንዲህ የሆነ በግ ማመንዠክ ያቆማል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ግራ ጎኑ ይወጠራል፣ ቀጭን የሚሸት ተቅማጥ ይጥለዋል፣ ቀጥሎ ይተኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሊሆን ይችላል። በተለይ የጠላና የአረቄ አተላ፣ የዶሮ መኖም ቢሆን፣ ከእሱ ይራቅ። የዶሮ መኖ እህል ከመሆኑ ሌላ መዳብ ይጨመርበታል፤ በግ ደግሞ መዳብ ጉበቱ ውስጥ እየተጠራቀመ የሚመርዘው እንስሳ ነው።

ዳቦውንና እንጀራውን ግን ዛሬውኑ አትቁረጡበት። በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሳችሁ በቦታው ድርቆሽ፣ ማለትም ታጭዶ የደረቀ ሣር፣ ተኩ። ሃያ ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ድርቆሽ ይበላል፤ የሚረግጠውና የሚተፋው ስላለ 800 ግራም አቅርቡለት፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ። መሬት ላይ ከሆነ ይሸናበትና ይተወዋል፤ በትከሻው ቁመት የተሰቀለ የእንጨት መደርደሪያ ይበቃዋል። መረብ ግን አትስቀሉ፤ ቀንዱ ተጠምዶበት ሊታነቅ ይችላል። ድርቆሹ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀና ሽታው ጥሩ ከሆነ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ ብቻ ካላችሁ ፕሮቲን ያንሰዋልና በቀን 100 ግራም ያህል የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ጨምሩለት፤ የባቄላ ገለባ ከተገኘ ከሁለቱም ይሻላል። የዓመቱ ድርቆሽ ለአንድ በግ ከ250 ኪሎ ይበልጣል። ሣሩ የሚታጨደው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ስለሆነ ያኔ ገዝቶ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ መከመር ነው፤ ሰኔ ላይ ፍለጋ የወጣ ሰው ምን እንደሚከፍል ታውቁታላችሁ።

ፉርሽካው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ወንድ በግ፣ በተለይ የተኮላሸ፣ ዋነኛው ጠላቱ የሽንት ጠጠር ነው። ፉርሽካና እህል ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል። ትርፉ ፎስፈረስ በሽንት ሲወጣ እንደ አሸዋ ይጋግርና ረጅም፣ ጠመዝማዛና ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የሽንት ቱቦውን ይደፍነዋል። ምልክቱን ልጆቹም ይወቁት፦ እግሩን ዘርግቶ ያምጣል፣ ጅራቱን ያርገበግባል፣ ሆዱን በእግሩ ይመታል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል ወይም ጨርሶ ይቆማል፣ ብልቱ አካባቢ ያለው ፀጉር ላይ ነጭ ደቃቅ ነገር ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ዘይት ያጠጣዋል፤ በዚያ መሀል ሰዓቱ ያልፍና ፊኛው ይፈነዳል። ሽንት የቆመበት በግ ለነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

መከላከያው ብዙ ወጪ የለውም። ፉርሽካውን አቁሙ፤ ልጆቹ በእጃቸው ማጉረስ ካማራቸው ከአንድ እፍኝ አይለፍ። ውሃ ቀኑን ሙሉ ይኑረው፤ ድርቆሽ የሚበላ በግ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። ደብረ ብርሃን በውርጭ ሰሞን ጠዋት ውሃው በረዶ ስለሚሆን አፉን አስጠግቶ ይተወዋል፤ ለብ አድርጋችሁ ስጡት። አሞሌ ከተገኘ ይላስ፤ ካልተገኘ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጥማቱን ይቀሰቅስና ሽንቱን ያቀጥነዋል።

ስለ ሆድ መነፋት አንድ ነገር ብቻ። ጤዛ ያለበት ማገጥ ወይም አልፋልፋ የመሰለ ለምለም መኖ በባዶ ሆዱ አይጋጥ፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ይብላ። ከተነፋና ሐኪም ከራቀ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በዝግታ፣ ጭንቅላቱን ሳታንጋጥጡ፣ በአፉ ጥግ በኩል ይጠጣል፤ ከተንጋጠጠ ሳንባው ይገባል። ፌስታልም ከግቢው ይጠረግ፤ ጨው የነካው ፌስታል ለበግ ምግብ ነው፣ ጨጓራው ውስጥ ገብቶ ግን አይወጣም።

አሁን ወደ መግጨቱ። ከሰው ጋር ያደገ ወንድ በግ ሰውን አይፈራም፣ እንደ በግ ነው የሚቆጥረው፤ ሲጎረምስ ደግሞ እንደ ሌላ አውራ ይፋለመዋል። ቀንዳም የመንዝ አውራ አድጎ ሠላሳ ኪሎ ሲሞላ የልጅ ጉልበትና የሽማግሌ ዳሌ ይሰብራል። ግንባሩን በእጅ መግፋት፣ ቀንዱን ይዞ መታገል ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ለእናንተ ጨዋታ ነው፣ ለእሱ ልምምድ። መዳሰስ ከተፈለገ አገጩ ስርና ደረቱ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሊመጣ ነውና ወደ ጎን ገለል በሉ፣ ጀርባ አትስጡት፣ አትሩጡ። በዱላ የሚመቱት በግ ይብስበታል።

ከዚያ ይኮላሽ። ስምንት ወሩ ለዚህ ጥሩ ዕድሜ ነው፤ በጣም በጨቅላነቱ የተኮላሸ የሽንት ቱቦው ሳይሰፋ ስለሚቀር ለጠጠሩ ይበልጥ ይጋለጣል። በድንጋይ መቀጥቀጡ ይቅር፤ ሥቃዩ ብዙ ነው፣ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም። የእንስሳት ክሊኒክ ቡርዲዞ የሚባለው መቆንጠጫ አለ፤ ቆዳው ሳይቆረጥ ውስጡ ያለውን ገመድ ይጨፈልቃል። ሁለቱም ገመዶች ለየብቻቸው ይያዙ፣ ሁለቱ መስመሮች ፊት ለፊት አይግጠሙ፤ ከገጠሙ የቆለጡ ከረጢት ደም አጥቶ ይበሰብሳል። ለጥቂት ቀን ያብጣል፣ በአንድ ወር ከግማሽ ገደማ ውስጥ ቆለጡ ይሟሽሻል። ክረምቱ ሳይገባ ብታስጨርሱት ጥሩ ነው። ኩልሸታው ጉርምስናውን ያበርድለታል እንጂ የለመደውን አመል አያስረሳውም፤ የልጆቹ ጨዋታ ካልተለወጠ መግጨቱ ይቀጥላል።

ብቻውን መሆኑ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይጎዳዋል። ሌት ተቀን የሚጮኸው ርቦት ሳይሆን መንጋ ፍለጋ ነው፤ ሰው ላይ ሙጭጭ የሚለውም ለዚያ ነው። አቅም ካለ አንዲት ሴት ጠቦት ወይም ሌላ የተኮላሸ ይጨመር። ሴት ከሆነች ከተኮላሸ በኋላ ሁለት ወር ይለፈው፤ ቆለጡ ቢሟሽሽም ቀድሞ የተጠራቀመው ዘር ለጥቂት ሳምንት ያስረግዛል። ከገበያ የመጣውን አዲስ በግ ለሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ ገበያ ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታና ፈንጣጣ የሚዛመቱበት ቦታ ነው።

ውሻ ጓደኛ ይሆነዋል የምትሉ፣ ውሻው በሦስት ወር አንዴ የኮሶ መድኃኒት ይውሰድ። ገበሬው አዙሪት የሚለው፣ በጉ በአንድ ወገን ብቻ እየዞረ የሚሞትበት በሽታ፣ ከውሻ ዓይነ ምድር በሚገባ የኮሶ እንቁላል አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲያድግ ነው። ስለዚህ የበግ ጭንቅላት ለውሻ ጥሬውን አይጣልም። በእኛ አገር በበዓል ማግስት የሚደረገው ግን በትክክል ይኸው ነው።

ክትባቱን ከቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፦ ደስታ መሰል፣ የበግ ፈንጣጣ፣ ፓስቱሬሎሲስ (ሳንባ የሚያጠቃ በሽታ)፣ አባ ሰንጋ። ደስታ መሰል አንዴ ከተከተበ ለዓመታት ይጠብቀዋል፣ ሌሎቹ ቢያንስ በየዓመቱ ይደገማሉ። ረግረግ ሜዳ ላይ የሚግጥ ከሆነ የጉበት ትል ይይዘዋል፤ ከመንጋጋው ስር እንደ ከረጢት ካበጠ በሽታው ቆይቷል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትሪክላቤንዳዞል ይሰጠው፣ ጥርና የካቲት ላይ ይደገም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ስለሆነ፣ ትሉ ገና ጨቅላ በሆነበት ጥቅምት ላይ እሱን ሰጥቶ ተኝቶ ማደር አይቻልም። ለእከክና ለቅማል አንድ በመቶ አይቨርሜክቲን ከቆዳ ስር ይወጋል፣ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፤ ለሃያ ኪሎ በግ 0.4 ማለት ነው። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ልታርዱት ከሆነ መርፌው ከተወጋ ከአንድ ወር በላይ ይለፈው።

ለማደሪያው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱን ፍሩ። የመንዝ በግ ጸጉሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ውርጩን ይችላል፤ እርጥብ ጉዝጓዝና መሬት ለመሬት የሚገባ ነፋስ ግን ሳንባውን ይመቱታል። ለአንድ በግ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ይበቃል፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ነፋሱ ከላይ የሚወጣ፣ በሩ ጅብ የማይገፋው ይሁን። ሳሎን ውስጥ አይደር፤ የሽንቱ ሽታ ለልጆቹም ለእሱም ሳንባ ጎጂ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይሸለት፣ በውርጭና በክረምት አይነካ። ሲሚንቶ ላይ የማይሄድ ከሆነ ሰኮናው በየሁለት ሦስት ወሩ ይከርከም።

ልጆቹ አፉን አይሳሙት። ከንፈሩ ዙሪያ የሚወጣው ቅርፊታም ቁስል ወደ ሰው እጅና ፊት ይተላለፋል፣ ጭርትም እንዲሁ። ከነኩት በኋላ በሳሙና መታጠብ ነው።

መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይመዘን፤ በግምት ሲሰጥ ወይ ያንሳል ወይ ይመርዛል። አባትየው ሚዛን ላይ ብቻቸውን ይውጡ፣ ቀጥሎ በጉን አቅፈው ይውጡ፣ ልዩነቱ የበጉ ክብደት ነው። ቁጥሩን ጻፉልን፣ የድርቆሹንና የመድኃኒቱን መጠን በዚያ እናስተካክለዋለን።