ሆስፒታል የገቡትን መቁጠር ለምን?

ጥያቄ፦ ኢንፍሉዌንዛ የሚይዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ቤታቸው ሆነው ይድናሉ፤ ታዲያ ተመራማሪዎች ሆስፒታል በገቡት ላይ የሚያተኩሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቆጠራው በዋናነት የሚፈለገው በሽታው ምን ያህል እንደከፋና በማን ላይ እንደበረታ ለመለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ባለፉት 10 ቀናት የጀመረ ሕመም ኖሮት፣ እያሳለውና 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ አተኩሶት ተኝቶ መታከም ያስፈለገውን ሰው ይመለከታል፤ ከአፍንጫውና ከጉሮሮው የሚወሰደው ናሙናም የቫይረሱን ዓይነት ያሳያል። ሆኖም አረጋውያን ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሳያሳዩ ስለሚታመሙ፣ ሌሎችም ዘግይተው በሳንባ ምች ወይም በልብ ሕመም ስለሚገቡ፣ የተመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው ጉዳት ያንሳል፤ ይህን ጉድለት ተመራማሪዎች በስሌት ለማረም ይጥራሉ፣ እኛም አንባቢዎች ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ልክ እንዳይወስዱት አጥብቀን እናሳስባለን።