ዲጂታል የትምህርት ማስረጃ የሌለው ተመራቂ ከውድድር ይውጣ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ ወረዳ ከተማ እሠራለሁ። በቅርቡ ለአንድ የሥራ መደብ ሳመለክት ቴምፖራሪ ዲግሪዬንና ስቱደንት ኮፒዬን ስካን አድርጌ ብልክም፣ ቀጣሪው በዲጂታል መንገድ የሚረጋገጥ ማስረጃ ካላቀረብሁ እንደማያወዳድረኝ ገለጸልኝ። ስካኑ ዲጂታል አይደለም ወይ? የፋይዳ መታወቂያስ አይበቃም? ይህ አሠራር ከማዕከል የራቅነውን ሰዎች አይጎዳም?
አንዲት አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ስካን የተደረገ ሰነድ የወረቀቱ ምስል ብቻ ነው፤ ስምና ውጤት ቀይሮ መልሶ መላክ ስለሚቻል ለቀጣሪው ዋስትና አይሆነውም። ዲጂታል ማስረጃ የሚባለው የትምህርት ተቋሙ ለራሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የፈረመበት ሰነድ ሲሆን፣ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ፣ ተቋሙ ይፋ ባደረገው ሌላኛው ቁልፍ ሲፈተሽ ፊርማው አይገጥምም። ፋይዳ ደግሞ ማንነትዎን እንጂ የተማሩትን አያረጋግጥም።

አሠራሩ በአግባቡ ከተዘረጋ ይበልጥ የሚጠቅመው እንደ እርስዎ ከማዕከል የራቀውን ሰው ነው፤ ለአንድ ማኅተም ወደ ተማሩበት ግቢ የሚደረገውን ጉዞና የአልጋ ወጪ ያስቀራል። መዝገብ በአንድ ግቢ ብቻ ሲቀመጥ ለምን ዓይነት አደጋ እንደሚጋለጥ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ወሎ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ሲዘረፍና ሲወድም ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

ሐሰተኛ ዲግሪ በበዛበት ገበያ ቀጣሪው መጠንቀቁን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ተቋሙ ያልሰጠውን ነገር ከአመልካቹ መጠየቁን ነው። አዲስ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ገና በመማር ላይ ካለው ተማሪ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከካርዳኖ ብሎክቼይን (መዝገብን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አባዝቶ የሚይዝ ሥርዓት) አልሚ ኩባንያ ጋር ይፋ ያደረገው ዕቅድም በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚመለከት እንጂ ቀደም ብሎ ለተመረቀ ሰው የታሰበ አልነበረም። ከዚህ የሚብሰው የወጪ መጋራት፣ ማለትም ተመራቂው ከትምህርቱ ወጪ የሚከፍለው ድርሻ፣ ጉዳይ ነው። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ኦርጅናል ዲግሪን መያዝ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ በመሆኑ፣ ዲጂታል ማስረጃም ኦርጅናሉን ለወሰደ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ዕዳውን ለመክፈል ሥራ የሚፈልገው ተመራቂ ሥራ ለማግኘት መጀመሪያ ዕዳውን ክፈል ይባላል ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓቱን ሲዘረጉ ይህን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

ወረቀት አለመኖሩ ዕውቀት አለመኖሩን እንደማያሳይ የተቀበሉ አሉ፤ የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ ሰነድ ለሌላቸው ስደተኞች እንኳ ያላቸውን ማስረጃ መርምሮና በቃለ መጠይቅ አጣርቶ የትምህርት ደረጃቸውን የሚገልጽ ፓስፖርት ይሰጣል። የእርስዎ ነገር ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው፤ መዝገብዎ ሬጅስትራር ዘንድ አለ።

ስለዚህ ለቀጣሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማስረጃ መስጠት አለመጀመሩን ከሬጅስትራር አጣርተው ይግለጹ፤ ቀጣሪው ለሬጅስትራር በቀጥታ ጽፎ እንዲያጣራም ይፍቀዱለት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በዩኒቨርሲቲው በኩል በቀጥታ እንዲላክለት ማድረግም ይቻላል፤ የሚጠየቁትን ክፍያና ክሊራንስ ግን አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ።