ዴልሂ ላይ መኪና ከነሹፌሩ ወይስ ሜትሮ?

እህቴ ሰላም ነው፣ ከባለቤቴ ጋር ለ6 ቀን ዴልሂ ልንሄድ ነው መኪና ከነሹፌሩ እንከራይ ወይስ በሜትሮ (በከተማው ባቡር) እና በባጃጅ ይቻላል ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያውን በኪራይ መኪና ሁለተኛውን በሜትሮ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቀምሼ ነው የምነግርሽ፣ መኪናውን ተይው። ቻንድኒ ቾክ የሚባለው የድሮው ገበያ ልትሄዱ ነው አይደል፣ ዋናው መንገድ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 3 ለመኪና ዝግ ነው። የኔ ሹፌር ራቅ ያለ ቦታ አውርዶኝ ሄደ፣ ስመለስ እሱን ፍለጋ ስደውል ስደውል ከገበያው በላይ እሱ አደከመኝ።

ከኤርፖርት ስትወጡ ተርሚናል 3 ላይ ብርቱካናማውን የኤርፖርት መስመር ያዙ፣ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው ኒው ዴልሂ ጣቢያ የሚያደርሳችሁ። እዚህ ጋ ግን ልብ በሉ! ሜትሮው የሚያወጣሽ አጅሜሪ ጌት በሚባለው በኩል ነው፣ ርካሽ ሆቴሎቹ ያሉበት ፓሃርጋንጅ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ማዶ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስደናበር አንዱ ደላላ መጥቶ መንገዱ ተዘግቷል ሆቴልህም ተሰርዟል፣ ና የመንግስት የቱሪስት ቢሮ ልውሰድህ አለኝ፣ የወሰደኝ ተራ የጉዞ ወኪል ቤት ነበር፣ ቁጭ አድርገው የ3 ቀን ጉዞ ሊሸጡልኝ ሲታገሉ ስንት ሰዓቴን በሉት። ፓሃርጋንጅ ከያዛችሁ እዛው ሳትወጡ በቢጫው የሜትሮ መስመር አንድ ፌርማታ ራጂቭ ቾክ፣ ከዛ በሰማያዊው መስመር አንድ ፌርማታ አር ኬ አሽራም ማርግ፣ እዛ ስትወጡ የገበያው ሌላኛው ጫፍ ላይ ናችሁ፣ ደላላም ብዙ የለም።

ለቱሪስት ዋናው ቢጫው መስመር ነው፣ ቻንድኒ ቾክም ራጂቭ ቾክም ረጅሙ ጥንታዊ ግንብ ቁጡብ ሚናርም እሱ ላይ ናቸው። ቀይ ምሽጉ ጋ ስትሄዱ ግን ሐምራዊው ይሻላል፣ ጣቢያው ራሱ ላል ቂላ (ቀይ ምሽግ ማለት ነው) ነው የሚባለው። ዋጋው ከ10 ምናምን ሩፒ እስከ 60 ምናምን ነው እንደ ርቀቱ፣ ካርድ ብታወጡ ቅናሽም አለው ሰልፍም ይቀርላችኋል። መግቢያው ላይ ሁሌም ፍተሻ አለ፣ የሴትና የወንድ ሰልፍ ለየብቻ ነው፣ ቦርሳም በማሽን ያልፋል። የመጀመሪያው ፉርጎ የሴት ብቻ ነው፣ እኔ ባለማወቅ ዘልዬ ገብቼ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሲያዩኝ በቀጣዩ ፌርማታ እየሮጥኩ ወረድኩ 😂 አንቺ በስራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እዛ ግቢ፣ ባለቤትሽ ከኋላ ይጋፋ፣ ስትወርዱ ትገናኛላችሁ። ራጂቭ ቾክ በዛ ሰዓት ያው የኛ ታክሲ ሰልፍ በለው፣ መጋፋት ነው።

ባጃጁን በተመለከተ፣ እዛ ባጃጅ ማለት ፋብሪካው ነው፣ ተሽከርካሪውን ኦቶ ነው የሚሉት፣ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሜትር አለው ግን ፈረንጅም ሐበሻም ካዩ ሜትሩ ወዲያው "ይበላሻል"። "ሚተር ሴ ቻሊዬ" በያቸው፣ በሜትር እንሂድ ማለት ነው፣ እምቢ ካለ አትከራከሪ ቀጣዩን አናግሪ። እኔ የማደርገው መጀመሪያ ኡበር ወይም ኦላ የሚባሉት የታክሲ መጥሪያ አፖች ላይ ዋጋውን አይና ከዛ እደራደራለሁ፣ ካልተስማማን እዛው አፑ ላይ ኦቶ አዛለሁ፣ ለዚህ ሲም ካርድ ያስፈልጋችኋል። ዋጋ ሳትቆርጡ በፍጹም እንዳትገቡ፣ በጣም ርካሽ ከጠራም ተጠራጠሩ፣ ኮሚሽን የሚከፍሉት ሱቆች ጋ ነው ይዟችሁ የሚዞረው፣ ምንጣፍ ሳትፈልጉ ምንጣፍ ስታዩ ትውላላችሁ። ባለ 500 ሩፒ ይዛችሁ ዝርዝር የለኝም ቢላችሁ አትገረሙ፣ 10 20 50 ሰብስቡ።

ከሜትሮ ወርዳችሁ ትንሽ ሲቀራችሁ ደግሞ በባትሪ የሚሄደው ኢ ሪክሾ አለ፣ ሰው እየሞላ ነው የሚሄደው፣ በጥቂት ሩፒ ያደርሳችኋል። ቁጡብ ሚናር ጣቢያው ከሐውልቱ ራቅ ይላል ለሱ ጥሩ ነው።

ታጅ ማሃል ያለበት አግራ ከተማ እንሄዳለን ካላችሁም መኪና አያስፈልግም፣ ከሀዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ጠዋት የሚነሳ ጋቲማን የሚባል ፈጣን ባቡር አለ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ትኬቱን ግን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ታጅ ማሃል አርብ ዝግ ነው፣ የዴልሂው ቀይ ምሽግ ደግሞ ሰኞ፣ ቀን ስትከፋፍሉ እሱን እዩ። ሆቴላችሁ የት ሰፈር እንደሆነ ጻፊልኝ፣ የቱ ጣቢያ እንደሚቀርባችሁ እነግርሻለሁ።